ማሽኑ ሌላ ቦታ፣ ሥራው እኛ ጋ፦ ኮምፒዩተርን ከሩቅ የማዘዝ ታሪክ ከኮንዮ ኮንዮ እስከ ካምፓችን



ባለፈው ወር አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን ድርሰቷን እየጻፈች ሳለ ናፍጣ አለቀና ጄኔሬተሩ ቆመ። ስድስቱም ስክሪን ባንዴ ጠቆረ። ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ የጻፈችው ስለነበር እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ናፍጣ ተገኘ። የሷን ማሽን ሌላ ልጅ ስለያዘባት ከጥግ ካለው ላይ ተቀመጠች፣ ስሟንና የይለፍ ቃሏን አስገባች፣ ድርሰቱም ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ጠቋሚዋ መስመር እንኳን ያቋረጠችበት ቃል መሐል ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጅቷ ግን ደስ ከመሰኘት ይልቅ ተጠራጠረች። «ቲቸር፣ እስካሁን ጽሑፌ የት ነበር?» አለችኝ። ከጠረጴዛዬ ሥር ያለውን፣ ከሶላር ባትሪው ጋር የተያያዘውን ጥቁር ሣጥን አሳየኋት። «ታዲያ እኔ ስጽፍ የነበረው በየትኛው ላይ ነው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሼ ላልፈው ሞከርኩና አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሣሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ሣጥኑ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። የመጣው ከኮንዮ ኮንዮ ነው። ጁባ ሄዳችሁ የምታውቁ ገበያውን ታውቁታላችሁ፤ ያልሄዳችሁም ስሙን ሰምታችኋል። ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል የሚገባው ሽንኩርት፣ ዱቄት፣ ፕላስቲክ፣ ልባሽ ጨርቅ እዚያ ይራገፋል፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ቦዳ ቦዳውና ሰው እየተጋፋ ያልፋል፤ በጁባ ዓረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በአማርኛና በትግርኛ ዋጋ ይጠየቃል። የእኛ አገር ሰዎች ወደዚህ ከተማ በብዛት መምጣት የጀመሩት ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ነው። አንዱ ሆቴል ከፈተ፣ ሌላው ውሃ በቦቴ አመላለሰ፣ ሌላዋ ቡና አፈላች፣ ሌላው ደግሞ ስልክና ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሆነ።

እኔም ወደ አንዱ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነው የምለው። የካምፑ ፕሮጀክት ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሰጠን ገንዘብ በደህናው ቀን ዋጋ ሁለት ማሽን እንኳን የሚገዛ አልነበረም። ለስድስት ማሽን ነው የመጣሁት ስለው ሳቀብኝ። «አንተ ልጅ፣ ስድስት ሰው አንድ ድስት ይበላ የለ? ስድስት ድስት ምን ያደርግልሃል?» አለና ሁለት ላፕቶፕ አወጣ፤ የሁለቱም ሃርድ ዲስክ የተቃጠለ፣ ባትሪያቸው የሞተ ነው። ፍላሽ ሰክቶ አስነሣቸው። በሁለቱም ላይ የተለያየ ሰው ስም ያለበት የተለያየ ዴስክቶፕ ወጣ። ሁለቱም ግን የሚሠሩት ከመደርደሪያው ላይ ባለው አንድ ማሽን ውስጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳቋርጥ ይህን በወረቀት ተምሬው ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። የተማርኩትን በገበያ ውስጥ ማግኘቴ ትንሽ አሳፍሮኛል፣ ትንሽም አስደስቶኛል።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ።

አንድን ማሽን ለብዙ ሰው ማካፈል አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማሽን መስጠት ነው አዲሱ። ኮምፒዩተር ቤት በሚያህልበትና ዋጋው በማይቀመስበት ዘመን፣ በ1961 አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ፈርናንዶ ኮርባቶና ጓደኞቹ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ሥርዓት አሳዩ። ማሽኑ ለአንዱ ሰው ቁራጭ ሰከንድ፣ ለሌላው ቁራጭ ሰከንድ እየሰጠ ይዞራል፤ ሁሉም ግን ብቻውን የያዘው ይመስለዋል። የየሰው ፋይል እንዳይቀላቀል ፓስወርድ አደረጉበት። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃው ብሎ የሁሉንም ፓስወርድ ዝርዝር በማተሚያ አሳትሞ ወሰደ። ተማሪዎቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ እንድትማሩበት አይደለም! የሰዓት እጥረት የእኛ ክፍል ብቻ ችግር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

በ1980ዎቹ ስክሪን ላይ መስኮትና ስዕል መጣ፣ ማውስም መጣ። ያኔ እዚያው ኤም አይ ቲ በ1983 አቴና የሚባል ፕሮጀክት ተከፈተ፤ ዓላማው በግቢው ተበትነው ያሉ ልዩ ልዩ ፋብሪካ የሠራቸውን ማሽኖች ለተማሪ ማገናኘት ነበር። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በ1984 ቦብ ሻይፍለር ኤክስ የተባለውን የመስኮት ሥርዓት አስተዋወቀ። አሥራ አንደኛው ዕትም በ1987 ወጣ፤ ሊነክስ ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምታዩት መስኮት ሁሉ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ኤክስ ከመጀመሪያው የታሰበው ፕሮግራሙ አንድ ቤት፣ ስክሪኑ ሌላ ቤት ሊሆን እንደሚችል ነው። ፕሮግራሙ «እዚህ ጋ መስመር ሳል፣ እዚያ ጋ ፊደል ጻፍ» ብሎ በኔትወርክ ያዛል፤ ከፊታችሁ ያለው ማሽን ይስላል።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚደናገርበት ነገር አለ፣ እኔም ተደናግሬበት ፈተና ላይ ነጥብ ጥዬበታለሁ። በኤክስ ቋንቋ «ሰርቨር» የሚባለው ሩቅ ያለው ትልቁ ማሽን ሳይሆን ከፊታችሁ ያለው ነው። ስክሪንን የሚያገለግለው እሱ ነዋ። ያው ስሙ ተገልብጦ ቀርቷል፣ ምን ይደረግ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን፤ እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ፣ ቡና።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ ውስጥ ተመራማሪዎቹ የሚጋሩት አንድ የቡና ማፍያ ነበር። ትሮጃን ሩም የሚባለው ክፍል አጠገብ ነው የተቀመጠው። ሌላ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ደረጃ ወርደው ሲመጡ ማሰሮው ባዶ ይሆንባቸዋል። በ1991 ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትዝኪ ካሜራ ወደ ማሰሮው አነጣጠሩና ምስሉን በኔትወርክ ወደየሰዉ ስክሪን ላኩት። ቡናው ሞልቷል ወይስ አልቋል፣ ከወንበር ሳይነሡ ማየት ሆነ። በ1993 ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ዓለም ሁሉ አየው፣ በ2001 ካሜራው ተዘጋ፣ ማሰሮውም በጨረታ 3,350 ፓውንድ ተሸጠ። የገዛው የጀርመን መጽሔት ድርጅት ነው። (ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ ቡና የምታፈላው እህታችን ይህን ስነግራት «ለጀበና ነው ይህ ሁሉ ብር?» ብላ አላመነችኝም። ጀበና እንኳ አልነበረም፣ የኤሌክትሪክ ማፍያ ነው።)

ይኸው ስታፎርድ ፍሬዘር በኋላ እዚያው ካምብሪጅ በሚገኘው የኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ ከትሪስታን ሪቻርድሰን፣ ከኬኔት ውድና ከአንዲ ሆፐር ጋር ሆኖ ቪ ኤን ሲ የሚባለውን ሠሩ። ሥራቸውን በ1998 በጽሑፍ አሳወቁ፣ ፕሮግራሙንም ማንም እንዲወስደው፣ እንዲቀይረውና እንዲያከፋፍለው ፈቅደው ለቀቁት። ላቦራቶሪው በ1999 በአሜሪካው የስልክ ድርጅት በኤ ቲ ኤንድ ቲ ተገዛ፣ በ2002 ደግሞ ጭራሹኑ ተዘጋ። ፕሮግራሙ ግን አልሞተም፤ ለሁሉ ተለቆ ነበርና ሌሎች ቀጠሉት። እኛ የምንጠቀምበት ታይገር ቪ ኤን ሲ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ላቦራቶሪው ቢዘጋም ሥራው እዚህ ድረስ መጣ፤ እንደኛ ቤቱን ጥሎ ለወጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቪ ኤን ሲ አሠራር የዋህ ነው። እንደ ኤክስ «መስመር ሳል» ብሎ ትእዛዝ አይልክም። የስክሪኑን ምስል አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጥና የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ «ይህን እዚህ ጋ ለጥፍ» እያለ ይልካል። በምሳሌ ልንገራችሁ፦ ኤክስ የወጥ አሠራሩን በስልክ ነግሮ እናንተ ቤት ያሠራችኋል፤ ቪ ኤን ሲ ወጡን ሠርቶ በሣህን ይልክላችኋል። ሣህኑ ይከብዳል፣ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ይዘገያል። ግን ተቀባዩ ማንም ይሁን፣ ምንም ባያውቅ፣ መብላት ይችላል። ለዚህ ነው በአሮጌውም በአዲሱም፣ በስልክም ሳይቀር የሚሠራው።

ሌላው መንገድ ከዊንዶውስ በኩል የመጣ ነው። ሲትሪክስ የሚባለው ኩባንያ ዊንዶውስን ለብዙ ሰው የሚያካፍልበትን ዘዴ ሠርቶ ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ1997 ያንን ተስማምቶ ወሰደና በ1998 የዊንዶውስ ኤን ቲ 4 ተርሚናል ሰርቨር ብሎ አወጣው። መልእክት የሚተላለፍበት ቋንቋ አር ዲ ፒ ይባላል። ሊነክስ ላይ ይህንኑ ቋንቋ የሚናገር ሰርቨር ኤክስ አር ዲ ፒ ይባላል፤ ጄይ ሶርግ የጀመረው ነው። ከመደርደሪያው ላይ የነበረው የጋሼ ማሽን ውስጥ ያለው እሱ ነበር፣ የእኛም እሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለራሳችን ላንሣ። ዕድሜያችሁ እንደኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለና አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ መምህራን ፕላዝማን አትረሱትም። ከ1997 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ባሉ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ ጣሪያ ላይ ዲሽ ቆመ፣ ትምህርቱ በሳተላይት ከአንድ ማዕከል ለመላ አገሪቱ ባንድ ሰዓት ይለቀቅ ጀመር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ነበር። በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና መልሱን ራሱ ይናገራል። የእኛ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበራቸው። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ፊዚክስ ጠፋ፤ ማንም ደግሞ አይመልሰውም።

ለፕላዝማ ፍርድ መስጠት አልፈልግም። መምህር ባልነበረበት ወረዳ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ያየነው በሱ ነው። ግን ከዛሬው ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ይታየኛል። ፕላዝማም «ማሽኑ ሌላ ቦታ፣ ስክሪኑ እኛ ጋ» ነበር። አንድ ስዕል ለሁሉም ይመጣል፤ ከኛ ወደዚያ የሚሄድ ግን ምንም የለም። ቪ ኤን ሲና ኤክስ አር ዲ ፒ ግን የእናንተን የማውስና የኪቦርድ ምት ተሸክመው ይመለሳሉ። ለስድስት ልጅ ስድስት የተለያየ ዴስክቶፕ ይከፈታል፣ የሚዘገየውም ይጠበቃል። እኔ ፕላዝማው አምልጦኝ የቀረብኝ የኬሚስትሪ ምዕራፍ እስከ ዛሬ ጎዶሎዬ ነው፤ ልጆቹን መጠበቅ የሚችል ማሽን ስፈልግ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

ለትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራም አለ። በ1999 ጂም ማክዊላን የጀመረው ኤል ቲ ኤስ ፒ የተባለ ፕሮጀክት ሃርድ ዲስክ የሌላቸው ማሽኖች በኔትወርክ ኬብል ከሰርቨር እንዲነሡ አደረገ። በ2005 የወጣው ኢዱቡንቱ የሚባለው የሊነክስ ዓይነት ይህንኑ አካቶ ነበር። ያኔ የኡቡንቱ ድርጅት ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ እስከ 2011 ድረስ ቀጥሏል። ወረፋው ቢረዝምም ይደርሳል። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ላለ ተማሪ ፖስታ ቤት ሄዶ ሲዲ መቀበል ምን ማለት እንደነበር የዛሬ ልጆች ይከብዳችኋል።

የጁባን ነገር ደግሞ ላንሣ፤ ምክንያቱም ከሩቅ ማዘዝ መስመር ይፈልጋል። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃነቷን ስታውጅ የራሷ የስልክ መለያ ቁጥር እንኳ አልነበራትም፤ 211 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጁባ ውስጥ ጄምቴል የተባለው ኩባንያ በኡጋንዳ መለያ፣ በ256 ነበር የሚሠራው። ሰውየው ጁባ ቆሞ ይደውላል፣ ቁጥሩ ኡጋንዳዊ ነው። ኢንተርኔትም ያኔ በዲሽ ነበር። ሳተላይቱ የተቀመጠው ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የጻፋችሁት ፊደል ወጥቶ ሲወርድ ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ መልሱም እንዲሁ ይወጣል ይወርዳል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። አንዲት ፊደል ተጭናችሁ ስክሪን ላይ እስክትመጣ ግማሽ ሰከንድ! መስመሩን በማስፋት ይህ አይድንም፤ ርቀት ነውና። በ2003 ኖማሺን የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ኤን ኤክስ የተባለውን ያወጣው ይህን የመሳሰለውን ለማቃለል ነበር፤ ምልልሱን ይቀንሳል፣ ቀድሞ የላከውን ያስታውሳል። በ2020 መጀመሪያ ላይ የፋይበር መስመር ከኡጋንዳ ድንበር ጁባ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ነገሩ ተሻሻለ። ካምፓችን ግን ከተማ አይደለም።

ስለዚህ እኔና ጋሼ የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ ከኢንተርኔት የሚፈለገው ሁሉ ኮንዮ ኮንዮ እያለን ይጫናል፣ ካምፕ ሲገባ ማሽኑ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው በውስጥ ኬብል ብቻ ይሠራል። ሁለት ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። እሱ ስልክ ይጠግናል፣ እኔ እጭናለሁ፣ የጎረቤቱ ጄኔሬተር ጆሮ ይበጥሳል።

ያደረግነውን ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ይጠቅማል ብዬ በአጭሩ እጽፋለሁ። ጋዜጣችን በአማርኛ ስለሚተየብ ትእዛዞቹን በእኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው፤ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ፣ ያልገባው እኔ ዘንድ ይምጣ። ማሽኑ ላይ ደቢያን ጫንን። ከዚያ በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ሦስት ነገር፦ ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ 4፣ ኤክስ አር ዲ ፒ እና ኤክስኦርግ ኤክስ አር ዲ ፒ። የመጀመሪያው ቀላሉ ዴስክቶፕ ነው። ግኖም ያምራል፣ ግን ስድስት ሰው ሲጋራው ሜሞሪ ይበላል፣ ባለ 16 ጊጋ ማሽናችን ያቃስታል። ቀጥሎ ኤክስ አር ዲ ፒ የሚባለውን ተጠቃሚ «ኤስ ኤስ ኤል ሰርት» በሚባለው ቡድን ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ የምስጢር ቁልፉን ማንበብ አይችልም። ለእያንዳንዱ ተማሪ በ«አድዩዘር» የራሱ አካውንት ይከፈታል፤ በየቤቱ ማኅደር ውስጥ ደግሞ ነጥብ ኤክስሴሽን የሚባል ፋይል ይፈጠርና «ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ 4 ሴሽን» ተብሎ ይጻፍበታል። ይህን የረሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነው፤ እኔ ግማሽ ቀን አይቼዋለሁ። በሩ ቁጥር 3389 ሲሆን በፋየርዎል ለክፍላችን ኔትወርክ ብቻ ከፈትነው። ላፕቶፖቹ ከፍላሽ ይነሡና ሬሚና በሚባል ፕሮግራም ይገባሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ተማሪ ሳይወጣ መብራት ቢጠፋበት ሴሽኑ ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይቆያል፤ የልጅቷ ድርሰት ያልጠፋው ለዚህ ነው። ነገር ግን ተመልሶ ሲገባ የቀለም ጥልቀቱ ከበፊቱ ከተለየ ኤክስ አር ዲ ፒ አዲስ ባዶ ሴሽን ሊከፍትለት ይችላል። አንድ ልጅ ይህ ደርሶበት አለቀሰ፤ ሥራው ሳይጠፋ ጠፋ ብሎ። ከዚያ ወዲህ የስድስቱንም ላፕቶፕ አንድ ዓይነት አደረግን።

ሌላው የአማርኛ ነገር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ከወጣው ከሦስተኛው ዕትም ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አሰፋፈር ነበረው፣ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ላይ ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። ግን ከሩቅ ስትሠሩ የአማርኛ መጻፊያውን መጫን ያለባችሁ ሰርቨሩ ላይ ነው እንጂ ላፕቶፑ ላይ አይደለም። አር ዲ ፒ የሚልከው የቁልፉን ቁጥር ነው፤ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ሩቅ ያለው ማሽን ነው። አይባስና ኤም 17 ኤን የተባሉትን ጫንና የሴራን አጻጻፍ መረጥን። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትሉ ሰላም ይወጣል።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልጻፍ። ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከዚህ በፊት በሹክሹክታ የሰማችሁት ስላለ በሙሉ ብትሰሙት ይሻላል።

ከኤክስ አር ዲ ፒ በፊት፣ ማሽኑ ገና እንደመጣ፣ በቪ ኤን ሲ ነበር የምንጠቀመው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጁባ ስሄድ እንዲመቸኝ ብዬ ማሽኑን ከአንድ መሥሪያ ቤት ዋይፋይ ጋር አገናኘሁት፣ በሩንም፣ 5901ን፣ ክፍት ተውኩት። የይለፍ ቃል አለው፣ ረጅም ነው፣ የትምህርት ቤታችን ስምና ከኋላው አምስት ቁጥር። አልሰጋሁም። የማላውቀው ነገር ቢኖር የድሮው የቪ ኤን ሲ ማረጋገጫ ከይለፍ ቃሉ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ብቻ ያነባል፣ የቀረውን ይጥላል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ፊደላት ደግሞ በሩ ላይ በቀለም የተጻፈው ስማችን ነው። ቁጥሮቹ ለከንቱ ነበሩ።

አንድ ማለዳ ክፍል ስገባ ስክሪኑ ላይ ማውሷ ትሄዳለች። እጅ የነካት የለም። ፋይል ተከፍቷል፣ ወደ ታች ይንሸራተታል። የተከፈተው የተማሪዎች መዝገብ ነበር፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የመጡበት ቀበሌ፣ የስደተኛ መታወቂያ ቁጥር። ሳላስብ ኬብሉን ነቀልኩ። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም። ምናልባት ሲጫወት የገባ ጎረምሳ ነው። ምናልባትም አይደለም። የሌላ አገር ተማሪ ስሙ ቢታይ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እዚህ ካምፕ ግን ከቀዬው ለምን እንደወጣ የማይናገር አባት አለ፣ የልጁ ስም ከቀበሌው ጋር ተጽፎ መገኘቱ ለሱ ቀላል አይደለም። ለወላጆች አንድ በአንድ ሄጄ ነገርኩ። ሁለቱ ልጆቻቸውን ለሦስት ሳምንት አስቀሩ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱም የሶፍትዌሩም አይደለም።

ሌላው ቢቀር የማውቀውን መፍትሔ ቀድሜ ባደርግ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። በ1995 ፊንላንድ ውስጥ፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ አንድ ሰው ተደብቆ የሚያልፉትን ፓስወርዶች ሁሉ ለቀመ። እዚያው የነበረው ታቱ ይሎኔን ተናዶ ኤስ ኤስ ኤች የተባለውን ሠራ፤ በሁለት ማሽን መካከል የሚያልፈውን ሁሉ በምስጢር የሚጠቀልል ነው። የበር ቁጥሩ 22 የሆነው ፋይል መላኪያው ኤፍ ቲ ፒ 21፣ ቴልኔት ደግሞ 23 ስለነበሩ መሐላቸው ያለውን ባዶ ቁጥር ጠይቆ ነው። ቪ ኤን ሲን «ሎካልሆስት» ብቻ እንዲሰማ አድርጎ በኤስ ኤስ ኤች ዋሻ ውስጥ ማሳለፍ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። አንድ መስመር! ከዋይፋዩ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ኤስ ኤስ ኤችን ማለፍ ነበረበት። ዛሬ ጁባ ሆኜ ማሽኑን መንካት ካስፈለገኝ የምገባው እንዲያ ብቻ ነው፣ ያውም ፓስወርድ ሳይሆን በፍላሼ ላይ ባለ ቁልፍ።

የወደፊቱን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። የድሮው ኤክስ እየጡረተ ነው። በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ቦታውን እየወሰደ ነው፣ ግኖም ከ2022 ወዲህ የራሱን አር ዲ ፒ ይዞ ይመጣል። አዲስ ማሽን የምትገዙ ትምህርት ቤቶች ከላይ የጻፍኩት እንዳለ ላይሠራላችሁ ይችላል። እኛ ግን በኤክስ ኤፍ ሲ ኢ እንቀጥላለን፤ ለአሮጌ ሣጥን አሮጌ ወዳጅ ይስማማዋል።

የተማሪዎቹ መዝገብ አሁን በደብተር ነው፣ ደብተሩም በቁልፍ ሣጥን ውስጥ። አንዳንድ መምህራን ወደ ማሽኑ ይመለስ፣ በእጅ መገልበጥ ሰለቸን ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ በየተርሙ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ስምና ውጤት ብቻ ይግባ፣ ቀበሌና የመታወቂያ ቁጥር ግን ከደብተሩ አይውጣ ባይ ነኝ። ወላጆችም ተጠርተዋል። ስብሰባው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በስምንተኛ ክፍል ነው፣ ቡና ይፈላል። ልጅቷም ድርሰቷን ጨርሳለች፤ አትማ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፣ ስትመጡ አንብቡላት።